ማሪቱ ያስተረጎመችልን ቀን

ባለፈው ሐሙስ ያቭነ ከተማ፣ ትልቋ ልጄ ማሪቱ ቤት ዋልኩ። እሷ ለራት ኪያርና ቲማቲም ትከትፋለች፣ የአስር ዓመቷ የልጅ ልጄ ሺራ ደግሞ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ልጅቱ ድንገት ቀና ብላ እናቷን በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጠየቀቻት። የእኔ ዕብራይስጥ እስከ ዛሬም የገበያና የጽዳት ሥራ ዕብራይስጥ ነው፤ ይሁንና ጥያቄው ገባኝ። ሕፃን እናቱ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ነበር የጠየቀችው። ማሪቱ ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን እኔም እንድሰማ ይመስል ባማርኛ፣ የአውቶቡስ መስመር እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳቻት። ባሏ ዳኒ ዕቃ ያጥብ ነበርና እሱም ዞር አለና የጎደለ መስሎ የታየውን አንድ ነገር ጨመረላት። እኔ ልብስ ላስጣ ብዬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። የሚሰጣ ልብስ አልነበረም። ባዶውን ገመድ ይዤ ቆሜ ስስቅ ሺራ በመስኮቱ አይታኝ፣ «ሳፍታ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። አያቴ ማለቷ ነው። እኔ ግን በሐሳቤ ልጆቼን ያሳደግኩባት ቂርያት ማላኪ ደርሼ ነበር፤ ያውም የዛሬዋ ሳትሆን የድሮዋ።

ያኔ አዲስ መጤዎች ከሚሰፍሩበት ካራቫን ወጥተን፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ቤት የገባን ሰሞን ነው። ባለቤቴ ፈንታሁን የፕላስቲክ ባልዲ የሚሠራ ፋብሪካ ገብቶ ነበር። ጀርባው ላይ የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ወፍራም ሰማያዊ ጃኬት ሰጥተውት፣ ሰንበት ሲሆንም እሱኑ ለብሶ ካልሄድኩ ይል ነበር። እኔ ጠዋት ኡልፓን፣ ዕብራይስጥ ማስተማሪያው ቤት፣ ቁጭ ብዬ ፊደል እቆጥራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ገዴራ ሄጄ የአረጋውያን ቤት አጸዳለሁ። የገበያው ቀን ረቡዕ ነበር። አመሻሹ ላይ ነጋዴዎቹ ድንኳናቸውን ሊያፈርሱ ሲሉ፣ «ሁሉም በአንድ ሼቄል! ሁሉም በአንድ ሼቄል!» እያሉ ሲጮኹ ነው እኛ የምንወርደው። በአሥር ሼቄል ሁለት እጅ የሚያስረዝም ቲማቲምና ሽንኩርት ይዤ አራት ፎቅ መውጣቴን አሁን ሳስበው ጉልበቴን ያመኛል። ያኔ ግን አይከብደኝም ነበር። እኛ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር ቀሚስ ከገበያው ገዝተን፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርገን እንሄዳለን። ከታች ያለው ጎረቤታችን አንዲት የጎንደር ሠርግ ካሴት ብቻ ነበረችው፤ ክሩ ተበልቶ ዘፋኙ መሃል ላይ እንደ ሰካራም ይንተባተባል፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ያንን መንተባተብ ጨምሮ በቃሉ ያውቀው ነበር። አሁን እዚያ መንገድ ላይ ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች ሱቅ ከፍተዋል። የዘፈኑም ካሴት የለም፣ ባለቤቱም ወደ ልጆቹ ሰፈር ሄዷል።

ልጆቻችን አራት ሴቶች ነበሩ። ማሪቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ሚሪ ይሏታል። የመጨረሻዋ ራሔል ገና መሄድ ጀምራለች። ልጆቹ ከኛ ቀድመው ቋንቋውን ያዙት። መጀመሪያ ደስ አለን፣ ኋላ ግን እርስ በርሳቸው ሲያወሩ እኔና አባታቸው በገዛ ቤታችን እንግዳ እየሆንን መጣን። ባንክ ስንሄድ ማሪቱ፣ ክሊኒክ ስንሄድ ማሪቱ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ማሪቱ። አማርኛዋም እዚህ መጥታ ያደገ ልጅ አማርኛ ነበር። ቃሉን ታውቀዋለች፣ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ግን አታውቀውም። እኔ ደግሞ ይህን ልብ አላልኩም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማሪቱ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፋ አገኘኋት። እህቶቿ በሩን ይደበድባሉ። አስወጥቼ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። «እማ፣ ደም» አለችኝ። የወር አበባዋ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። እናቴ እኔን አገር ቤት ሳለን እንዴት እንዳደረገችኝ አስታወስኩ። አሮጌ ቀሚስ ቀድዳ ሰጠችኝ፣ ፊቷን አዙራ፣ «ከእንግዲህ ወንድ እንዳይነካሽ» አለችኝ፣ ወደ ሥራዋ ሄደች። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ በዓመቱ ተዳርኩ። እኔም ሱቅ ወርጄ የሚያስፈልጋትን ገዛሁላት። ባለሱቁ ወንድ ስለነበረ ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልልልኝ አልኩት። ከዚያ ማሪቱን መኝታ ቤት አስገብቼ፣ ዓይኔን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ «አይዞሽ፣ ትልቅ ሆነሻል ማለት ነው። ከእንግዲህ ወንድ እንዳይነካሽ። ከነካሽ ታረግዣለሽ» አልኳት። ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት፣ «ወጡ ሊያርርብኝ ነው» ብዬ ወጣሁ። ወጥ አልጣድኩም ነበር።

ወር ሳይሞላ ልጅቱ መለወጥ ጀመረች። ምግብ ስሰጣት ሳህኑን ትገፋዋለች። ድሮ ገና ከበሩ ሳትደርስ ደረጃው ላይ ድምጿ ይሰማ ነበር፣ አሁን እንደ ድመት ነው የምትገባው። ታናናሾቿ አቅፈዋት ሊተኙ ሲሉ ትገፋቸዋለች። ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን የአባቷን የፋብሪካ ጃኬት ለብሳ መዋሏ ነው። የፋሲካ ጽዳት ሰሞን ነበር፣ ቀኑ ሞቋል፣ ሰው ሁሉ እጅጌ ጉርድ ለብሷል፤ እሷ ጉልበቷ ድረስ የሚደርሰውን ሰማያዊ ጃኬት እስከ አንገቷ ቆልፋ ትሄዳለች። ፈንታሁን፣ «ጃኬቴን ወዳው ነው፣ ተያት» አለ፤ ደስም ብሎት ነበር። እኔ አንዴ ዓይነ ጥላ ነው እላለሁ፣ አንዴ ትምህርት ቤት ያስቸገሯት ልጆች አሉ እላለሁ። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሆዷን ልንካ ሲል ከአልጋው ዘልላ ወረደች። የደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘልን፣ ተመለስን። በመንገድ ላይ፣ «ምንሽን ነው የሚያምሽ፣ ልጄ?» ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋት። «ምንም» ነበር መልሷ። አሁን ሳስበው መልሱ እጄ ላይ ነበር። በሁለተኛው ወር ከሱቅ የገዛሁላት ዕቃ እንዳለ መቀመጡን አይቻለሁ። አየሁት፣ ግን ምንም አላሰብኩም።

በዚህ መሃል ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ማሪቱ አነበበችልን። የስድስተኛ ክፍል ወላጆች ይምጡ፣ ስለ ልጆች ማደግ የትምህርት ቤቱ ነርስ ታነጋግራችኋለች ይላል። ፈንታሁን ስለ ማደግ ከሆነ አንቺ ሂጂ አለኝ። እኔም ስለ ቁመትና ስለ ወተት መስሎኝ፣ ልጄ መክሳቷን ለነርሷ ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ ነው ብዬ፣ ከአሠሪዬ ተፈቅዶልኝ ነጠላዬን አጣጥፌ ሄድኩ። ስብሰባው ቀን ነበር፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ እንዳሉ። ለዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ወላጆች ሌላ ቀን ተደርጎላቸው፣ የእኛ ሰዎች ለብቻችን ነበርን። ሰባት እንሆናለን። አምስት እናቶች፣ አንድ ወጣት አባት፣ ደግሞም የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አባ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። አስተርጓሚዋ ትመጣለች ተብሎ ጠበቅን። ኋላ ስልክ ተደወለ፤ ልጇን ትኩሳት ስለያዘው ሐኪም ቤት ነች፣ አትመጣም ተባለ። ነርሷና አንዲት አስተማሪ ተነጋገሩ። ነርሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አስተማሪዋ ሰዓቷን ታሳያታለች። በመጨረሻ አስተማሪዋ ወጥታ ዕብራይስጧ የተመሰገነላትን ተማሪ ይዛ መጣች። በሩ ሲከፈት ሰማያዊውን ጃኬት አየሁ።

ማሪቱ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመች። ነርሷ የሴትና የወንድ ሰውነት የተሣለበት ትልቅ ወረቀት ስትዘረጋ አባ በላይ ከዘራቸውን ማየት ጀመሩ። እኔም ጫማዬን አየሁ። መጀመሪያ ቀላል ነበር። ልጆች በዚህ ዕድሜ ላብ ይበዛባቸዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ፤ ይናደዳሉ፣ ታገሷቸው። ማሪቱ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታወርድ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ አድርጋ ታስተረጉማለች። ከዚያ ነርሷ ወደ ሴቶቹ ጉዳይ ገባች። ማሪቱ ድምጿ ቀነሰ። «ሴት ልጅ በየወሩ ደም ታያለች፣ በሽታ አይደለም ትላለች» አለች። ነርሷ ቀጠለች። ማሪቱ አፏን ከፈተችና ዝም አለች።

እኛ ጠበቅን። ማሪቱ ወደኛ መዞሩን ትታ ነርሷን በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ነርሷ መለሰችላት። ሌላ ጠየቀቻት፣ ይህን ጊዜ በሹክሹክታ። ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች፣ ጃኬቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ አጠገቧ ጎንበስ ብላ ቀስ እያለች ብዙ አወራቻት። እኛ የምንሰማው፣ «ሎ፣ ሎ፣ ሐሙዳ፣ ሎ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ አይደለም፣ አይደለም የኔ ቆንጆ ማለቷ ነው። ማሪቱ መጀመሪያ ቆማ ነበር። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እየወረደ፣ ፊቷን በጃኬቱ እጅጌ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሁለት ወር ሙሉ ሳቋን አልሰማሁም ነበርና ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እኔም እንባዬ መጣ።

አባ በላይ ቸኮሉ። «ምን አለች? ልጄ፣ ለኛም ንገሪን እንጂ» አሏት።

ማሪቱ ተነሣች፣ አፍንጫዋን ጠረገች። «በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወር፣ ሁለት ወርም ሊዘል ይችላል፣ አትደንግጡ ትላለች» አለች። ቀጥላም፣ «እጅ በመያዝ አይረገዝም ትላለች» አለች።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩን። «ይህን ለመንገር ነው ከሥራችን ያስቀሩን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ማሪቱ ጃኬቱን አንድ በአንድ ቁልፉን ፈታች፣ አውልቃ ወንበር ላይ አደረገችው፣ ከሥሩ የለበሰችው ቲሸርት በላብ ርሷል። እዚያ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የገባኝ። የተገፋው ሳህን፣ ያልተነካው ዕቃ፣ ከሐኪሙ እጅ የሸሸችበት ምክንያት። እኛ አገር ወንድ ነካት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ልጄ ግን መንካትን መንካት ብላ ነው የሰማችኝ። እኔም ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት ላልጣድኩት ወጥ ጥያት የወጣሁ ነኝ።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። አስተማሪዋ ፈቀደችላት። በመንገድ ላይ ፈላፍል ገዛሁላት፣ ቆማ ጨረሰችው፣ ሌላ ጨመርኩላት። ከሕንፃችን ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ። ለበዓል ዝግጅት ጭፈራ ሲያስተምሯቸው ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ይያያዙ ኖሯል። አስተማሪዋ ከሩሲያ የመጣ ኢጎር የሚባል ዝምተኛ ልጅ አጠገብ አቆመቻት። እጇን ብትነጥቅ አስተማሪዋ ተቆጣች። እሱም እንደሷ ገና አዲስ ነውና ማፈሩን አይታ አዘነችለት፣ ያዘችው። ጭፈራው ሦስት ሳምንት ተለማምደውታል። ከዚያ ወሩ ሲዘል በቃ አርግዣለሁ አለች። «አባዬ ይገለኛል ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ታፍሪያለሽ ብዬ» አለችኝ። ኢጎር ግን ምንም አያውቅም አለችኝ፤ እሱን እንዳልቆጣው ነበር የፈራችው።

ያኔ ዕድሉን ሳላባክን መናገር ነበረብኝ። ጀመርኩ። «መንካት ያልኩሽ...» አልኩና ቆምኩ። «ወንድና ሴት ሲጋቡ...» አልኩና አሁንም ቆምኩ። አራት ልጅ የወለድኩ ሴት ቃል አጣሁ። ማሪቱ አየችኝ፣ እጄን ያዘች፣ «እማ፣ ተዪው። ነርሷ ነግራኛለች» አለችኝ። እኔም በጣም ቀለለኝ፤ ያንኑ ያህል አፈርኩ። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብያት ነበር፣ በዚያ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። «ያልኩሽ ልክ አልነበረም። እኔም ማንም አልነገረኝም። ከእንግዲህ የማላውቀውን አላውቅም እልሻለሁ፣ አብረን እንጠይቃለን» አልኳት። እሷም፣ «ቤሰደር፣ እሺ» አለች፣ ከንፈሯ ላይ ያለውን የፈላፍሉን ጠሒና እየላሰች።

በሳምንቱ እውነትም አብረን ወደ ነርሷ ክፍል ሄድን። ልጄ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ ነበር። ስትጨርስ ነርሷ ወደኔ ዞራ፣ «እናትየውስ?» አለች። እኔ ለዓመታት የያዝኩት አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አማቴ አገር ቤት ሆና፣ በስልክም ቢሆን፣ ወንድ ልጅ አላሳየሽንም እያለች ነበር የምታነጋግረኝ። ማሪቱን፣ ለምን ሴት ብቻ እንደምወልድ ጠይቂልኝ አልኳት። ማሪቱ ጠየቀች፣ አዳመጠች፣ ዓይኗ በራ። «እማ፣ ካንቺ አይደለም። ወንድ ወይ ሴት የሚያደርገው ከአባትየው በኩል የሚመጣው ነው ትላለች። ያንቺ ጥፋት የለበትም» አለች። አሁን ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሺራ እንኳ ታውቀዋለች። ያን ቀን ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ በእግሬ አልነበረም የሄድኩት። ማታ ራት ላይ ለፈንታሁን ነገርኩት። ቁራሹን እንደያዘ አራቱንም ሴቶች ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ለእናቱ ስልክ ሲደውል ከጎኑ ቆሜ ነበር። ጤንነቷን ጠይቆ ሲያበቃ፣ ቆፍጠን ብሎ፣ «ሚስቴን እናኑን ተያት፤ ጥፋቱ የኔ ነው ተብሏል፤ እኔም ጥፋት አልለውም» አላት። እስከ ሞቱ ድረስ ካደረገልኝ ነገር ሁሉ ያንን አስበልጣለሁ።

እና ባለፈው ሐሙስ፣ ራት በልተን ሲያበቃ፣ ማሪቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችኝ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ገዴራ ወርጄ ሌላ አውቶቡስ ስለምይዝ ቶሎ መውጣት እወዳለሁ። በረንዳ ላይ ምን እንዳሳቀኝ ነገርኳት፣ የአባ በላይን ነገር ሳነሣ አብረን ሳቅን። ቀጥላ ሳቋን አቆመችና፣ «አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለችኝ።

ያን ቀን፣ የስብሰባው ዕለት፣ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት የመመለስ አሳብ አልነበራትም። ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደውን አውቶቡስ ሰዓት አጥንታለች። ለመሳፈሪያ የሚሆን ሳንቲም በካልሲዋ ውስጥ ይዛለች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ ብቻ ሆዷ ሳይገፋ ከሰፈሩ መራቅ ነበር የፈለገችው። የደብተር ቦርሳዋን ከክፍል ይዛ እንድትወጣ ስትጠራ፣ ታወቀብኝ ብላ ነው የመጣችው። ይህን ስትነግረኝ የማቆሚያውን ብረት ያዝኩ። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ልጄ አጠገቤ ቆማለች፣ የራሷ ልጅ ቤት ውስጥ አለች፤ እኔ ግን ያን ቀን ከስብሰባው ተመልሼ ብጠብቃት ሳትመጣ ታየኝ። አስተርጓሚዋ መጥታ ቢሆን ማሪቱ አትጠራም ነበር። ሳትጠራስ ነርሷን ትጠይቅ ነበር ወይ? የዚያችን አስተርጓሚ ስም እንኳ አላውቅም።

«ቦርሳሽ ውስጥ ምን ይዘሽ ነበር?» አልኳት። ለምን ይህን እንደጠየቅኋት አላውቅም።

«ሁለት ቀሚስ። ዳቦ። ደግሞ የራሔልን የሱፍ ኮፍያ» አለች። «ያቺን ነጭ፣ አረጋውያን ቤት አንዷ አሮጊት የሠራችላትን። ሕፃኑ እንዳይበርደው ብዬ።»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እንዲህ ፈርታ፣ ለማይመጣ ሕፃን ኮፍያ ይዛ ልትሄድ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ነጂው በሩን ከፍቶ አየን፣ በእጄ እለፍ አልኩት።

«ኮፍያውንስ ምን አደረግሽው?»

«በማግስቱ አጥቤ ቦታው መለስኩት። አንቺም፣ ይህን ማን አጠበው ብለሽ ነበር።»

እኔ አላስታውሰውም። ያን ዓመት ክረምት ግን ራሔል ኮፍያዋን አድርጋ በገበያው መሃል ስትሮጥ፣ ማሪቱ ከኋላዋ እየሳቀች ስታባርራት አስታውሳለሁ።